የፊንላንድና የቻይና የወረቀት ንግድ፦ የትኛውን ቁጥር ልመን?

ጠያቂው
ሰላም ወገኖች። የፊንላንድንና የቻይናን የወረቀትና የካርቶን ንግድ ከ1995 እስከ 2022 እያወዳደርኩ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ኤች ኤስ ኮድ 48ን (በዓለም አቀፉ የንግድ ዕቃዎች መለያ ወረቀትና ካርቶን የሚመደብበትን) በዶላር አውርጄ ግራፍ ሠራሁ። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። ከ2002 እስከ 2007 የፊንላንድ ኤክስፖርት ሽቅብ ይወጣል፤ ግን እኮ የፊንላንዱ የቮይካ ወረቀት ፋብሪካ የተዘጋው 2006 ላይ ነው! ደግሞ ፊንላንድ ለቻይና ሸጥኩ የምትለውና ቻይና ከፊንላንድ ገዛሁ የምትለው አይገጥምም። የቱን ልያዝ?

ቶን ይሻላል
ያሳሳተህ ዶላሩ ነው። 2002 መጀመሪያ ላይ አንድ ዩሮ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፣ በ2008 ክረምት ወደ 1.60 ተጠጋ። ወረቀቱ ያው ነው፣ ያበጠው ዋጋው ነው። በቶን አውርደው፣ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ጋ ታገኘዋለህ። ሌላው፣ 48ን እንዳለ አትውሰደው፤ የጋዜጣ ወረቀትና የካርቶን ሳጥን ወረቀት አንድ ላይ ታጭቀውበታል፣ አንዱ እየሞተ ሌላው እያደገ። የካይፖላ ፋብሪካ በ2020 መጨረሻ ሲዘጋ ፊንላንድ የጋዜጣ ወረቀት ማምረት አቆመች። የኦውሉ ፋብሪካ ደግሞ የማተሚያ ወረቀቱን ትቶ ከ2021 ጀምሮ የሳጥን ወረቀት ያመርታል። ሳትከፋፍል ብታየው ይህ ሁሉ ይጠፋብሃል።

የጉምሩክ ሰው
አለመግጠሙ አያስደንግጥህ። ሻጭ አገር የሚመዘግበው ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ያለውን ዋጋ ነው፣ ገዢው ግን መጓጓዣና መድን ጨምሮበት። በዲሴምበር የተጫነው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። በሦስተኛ አገር ወደብ የሚያልፈው ደግሞ መድረሻው በስህተት ሊመዘገብ ይችላል። እኔ የገዢውን እመርጣለሁ፣ ቀረጥ የሚሰበስብ በደንብ ያያላ። ብቻ አንዱን ከያዝክ እስከ መጨረሻው ያዝ፣ መሀል ላይ አትቀያይር።

ግንዱን እዩ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን 48 ላይ ብቻ ከቆመ ዋናው ታሪክ ያመልጠዋል። ኮድ 47ን ጨምር፣ ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት ሊጥ መሳይ ጥሬ ዕቃ) እና ውዳቂ ወረቀት እዚያ ነው ያለው። ቻይና ለዓመታት የዓለምን ውዳቂ ወረቀት እየገዛች ሳጥን ስትሠራበት ኖረች። በ2018 ያልተለየውን ከለከለች፣ ከ2021 ጀምሮ ጭራሽ በሩን ዘጋች። ስለዚህ ያለቀለት የሳጥን ወረቀትና ከውዳቂ የተሠራ ፐልፕ ከውጭ ማስገባት ጀመረች፣ ኮዱ ተቀየረ እንጂ ወረቀቱ የሚሠራበት ጭረት (ፋይበር) ያው ነው። ፊንላንድም እንደዚያው፤ የወረቀት ማሽኖቿን ስትዘጋ እንጨቱ ሥራ አልፈታም። በ2017 የተከፈተው የኤኔኮስኪ ፋብሪካ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ የማምረት አቅም አለው፣ ቻይናም ከትልልቅ ገዢዎቹ አንዷ ናት። 48 ላይ ብቻ ስታይ ፊንላንድ ያለቀላት ይመስልሃል።

ጠያቂው
እናንተ ሰዎች ኑሩልኝ! በቶን አወረድኩት፣ ያ ሽቅብ መውጣት ጠፋ። ግን 2005 ላይ ጉድጓድ አለ። ደግሞ ምን አበላሸሁ?

ቶን ይሻላል
ምንም አላበላሸህም። በዚያ ዓመት አሠሪዎቹና ሠራተኛ ማኅበሩ ተጣልተው የፊንላንድ ወረቀት ፋብሪካዎች ለሳምንታት ቆመው ነበር። 2022 ላይም ተጠንቀቅ፣ ዩፒኤም በተባለው የፊንላንድ ወረቀት ኩባንያ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 22 አድማ ነበር። እሱን መጨረሻ ነጥብህ ካደረግከው መስመሩ ከሚገባው በላይ ይወርድብሃል።