የባክስትሪት ቦይስ የገና አልበም እውነት «የጡረታ አልበም» ነው? (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2022 የተደረገ ውይይት)

ሚሌኒየም ልጅ፦
ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንዱ የመዝናኛ አቅራቢ ስለ አሜሪካኖቹ የወንዶች ባንድ ባክስትሪት ቦይስ አዲሱ የገና አልበም ሲያወራ «ያው የጡረታ አልበም ነው፣ ድምፅ ሲያልቅ ወደ ገና ይኬዳል» አለና አብሮት ካለው ልጅ ጋር ተንከተከቱ። ግማሽ ዘፈን አሰምተው ወደ ስፖርት ሄዱ። በንዴት መውረጃዬን አልፌ ወረድኩ። ጥቅምት 4 ከወጣ ጀምሮ ሌላ ነገር አልሰማሁም፣ ከተመሰረቱ 29 ዓመታቸው ነው ይሄ ደሞ የመጀመሪያ የገና አልበማቸው፣ አምስቱም (ኬቨን፣ ብራያን፣ ኒክ፣ ሃዊ፣ ኤጄ) አሉ፣ ሃርሞኒው ያው ነው። አሁን እኛ እዚህ ስንጨቃጨቅ እነሱ አውሮፓ ውስጥ ቱር ላይ ናቸው። ጡረተኛ ቱር ይወጣል እንዴ?? ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት

አቶ ሪትም፦
ልጁ ምን አጠፋ? 13 ዘፈን ነው ያለው 10ሩ ኮቨር ነው፣ የሌላ ሰው ዘፈን ማለት ነው። ዋይት ክሪስማስ፣ ዊንተር ዎንደርላንድ፣ ሳይለንት ናይት፣ ላስት ክሪስማስ... ሞል ውስጥ ጫማ ስትለኪ ከጣሪያ ላይ የሚለቀቅብሽ ነገር በሙሉ። አዲስ የተጻፈው 3 ብቻ። በዛ ላይ ገና ጥቅምት ነው እኮ፣ ማነው በጥቅምት ገና የሚያከብረው። የጡረታ አልበም ሲያንሰው ነው።

የብራያን ጠበቃ፦
በጥቅምት የሚወጣው ለምን እንደሆነ የማታውቅ ከሆነ ስለ ሙዚቃ አትናገር። ሬዲዮኑም ፕሌይሊስቱም ኖቬምበር ላይ ተይዞ ያልቃል፣ ዲሴምበር ላይ የሚወጣ የገና አልበም ሲደርስ በዓሉ አልፏል። ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው

ሒሳብ ክፍል፦
ቆይ ቆይ፣ ጡረታ ከተባለማ የኔ ስራ ነው። በኛ ህግ መውጫው 60 ነው። ትልቁ ኬቨን መስከረም ላይ ነው 51 የሞላው፣ 9 ዓመት ይቀረዋል። ኒክ 42 ነው እሱማ ገና እድገት ይጠብቃል። 25 ዓመት ያገለገለ ከ55 ጀምሮ በፈቃዱ መውጣት ይችላል፣ በአገልግሎት ካያችሁት አራቱ ሞልተዋል፣ ኬቨን ግን በፈረንጆቹ ከ2006 እስከ 2012 ስራ ለቆ ስለነበር 23 ዓመት ነው የሚያዝለት። ፎርሙን አንቀበልም ይመለስ 😂

አቶ ሪትም፦
ቀልዱ ይመችሽ ግን ነጥቡን አልነካሽውም። እኔ ዕድሜ አላልኩም። ጡረታ ማለት ቁጭ ብለህ የሚገባልህ ብር ነው። የገና ዘፈን ደሞ አንዴ ትቀዳዋለህ ከዛ በየዓመቱ ራሱ ይነሳና ብር ያመጣልሃል። ማሪያ ኬሪ በ1994 ያወጣችው የገና ዘፈን ቢልቦርድ (የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ) ላይ 1ኛ የወጣው በ2019 ነው፣ 25 ዓመት ቆይቶ! እነዚህም ያንን አይተው ነው። የልጁ ንግግር ትክክል ነው የምለው በዚህ ነው።

ሜሪላንድ ነኝ፦
ወንድሜ እሱ ሒሳብ አይሰራም። ማሪያ ዘፈኑን ራሷ ከጻፉት አንዷ ናት፣ ስለዚህ በተጫወተ ቁጥር የድርሰቱም ድርሻ ይገባላታል። ኮቨር ስትሰራ ግን የድርሰቱ ገንዘብ ለባለቤቱ ነው የሚሄደው፣ ላስት ክሪስማስን በዘፈኑ ቁጥር የሚጠቀመው የጆርጅ ማይክል ወገን ነው፣ ዋይት ክሪስማስ ላይ የኢርቪንግ በርሊን ወገን። ሳይለንት ናይትማ የ1818 የኦስትሪያ መዝሙር ነው ደራሲ ነኝ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለእነሱ የሚቀራቸው የቀረጻው ድርሻ ነው። ጡረታ ፈልገው ቢሆን 10 አዲስ ጽፈው 3 ኮቨር ነበር የሚያደርጉት፣ እነሱ ያደረጉት ግልባጩን ነው

አቶ ሪትም፦
ለገንዘብም ካልሆነ እንግዲህ የባሰ ነው። ስንፍና ነዋ።

ሚሌኒየም ልጅ፦
አሁን ደሞ ከጡረታ ወደ ስንፍና ተዛወርክ። ነገ ምን ልትለን ነው? ቆይ «የጡረታ አልበም ሲያንሰው ነው» ያልከው አንተ አይደለህ? ከጡረታ የሚያንሰው ምንድነው?

ሒሳብ ክፍል፦
ከጡረታ የሚያንሰው አበል የሌለው ስንብት ነው

ካሴት አዟሪ፦
ልጆች እኔ የድሮዎቹ የዲስኮ ባንድ የቦኒ ኤም ሰው ነኝ። የ1981 የገና አልበማቸው እኛ ቤት ቴፑ እስኪበላው ተሰምቷል፣ ክሩ ሲወጣ በእርሳስ እየጠቀለልን። እናንተ አሁን የምትከራከሩበትን እንኳን ለገና ለአዘቦትም አልሰማው። ዘፈን ማለት እሱ ነው፣ ኮቨር ምናምን የሌለበት።

ሜሪላንድ ነኝ፦
ጋሼ በአክብሮት ነው የምነግርዎት፣ ያ አልበም ከሞላ ጎደል ኮቨር ነው። ሜሪስ ቦይ ቻይልድን እኮ ሃሪ ቤላፎንቴ በ1956 ዘፍኖታል፣ ቦኒ ኤም በ1978 ነው የወሰዱት። ሰው ሁሉ የነሱ ይመስለዋል

የብራያን ጠበቃ፦
ጋሼ አይቀየሙኝና ደሞ የቦኒ ኤም ወንዱ ድምፅ ያ ሲጨፍር የሚያዩት ቦቢ ፋሬል አይደለም፣ ፕሮዲውሰሩ ፍራንክ ፋሪያን ነው ስቱዲዮ ውስጥ የዘፈነው። የኛዎቹ ቢያንስ በራሳቸው ጉሮሮ ነው

ካሴት አዟሪ፦
አውቃለሁ ልጄ፣ ከናንተ በፊት አውቃለሁ። ታዲያ ምን ይጠበስ? ጨፈርንበት። አሁን አንቺ በራሳቸው ጉሮሮ ስትዪ ያኛው ብላቴና፣ የፊቱ፣ ድምፁ ጠፍቶ የለም እንዴ?

አቶ ሪትም፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ማንም የማይደፍረውን ተናገሩ። ብራያንን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አትሰሙትም፣ በሌሎቹ ድምፅ ሸፋፍነውታል። አቅራቢው «ድምፅ ሲያልቅ» ያለው እሱን ነው።

የብራያን ጠበቃ፦
እዚህ ጋ ቁም። ብራያን የጉሮሮ ጡንቻ መጨናነቅ በሽታ አለበት፣ ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል፣ በ2015 በወጣው ዶክመንተሪያቸው ላይ ኒክ እና እሱ በዚሁ ጉዳይ ፊት ለፊት ሲጣሉ ካሜራ እያየ ነው። በ1998 ደግሞ ልቡን ኦፕሬሽን ተደርጎ ወዲያው ወደ ስቴጅ የተመለሰ ሰው ነው። እንደ 1999 አልዘፈነም ብለህ የምትስቅ ከሆነ መጀመሪያ አንተ እንደ 1999 ደረጃ ውጣ። ኦ ሆሊ ናይትን በጆሮ ማዳመጫ ስማው ከዛ እናወራለን። የሚገርመኝ ግን እናንተ ጤነኛ ሰው ላይ አትስቁም፣ የታመመ ሲሆን ነው አፋችሁ የሚከፈተው

አቶ ሪትም፦
ማን ሳቀ? የሳቀው አቅራቢው ነው። እኔ የጠየቅኩት ድምፁ ከተቸገረ ለምን ከባዱን መዝሙር መረጡ ነው። ለእሱ የሚሆን ዘፈን መጻፍ ይቻል ነበር። ይሄንን ነው ስንፍና ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ።

የዱባይ ልጅ፦
እኔ እዚህ የምሰራበት ሱቅ ውስጥ ገናን የምንጀምረው በኖቬምበር ነው ቀኑን ሙሉ ያው 20 ዘፈን ይዞራል፣ ላስት ክሪስማስን በቀን ስንቴ እንደምሰማው አልነግራችሁም። የነሱ ቨርዥን ሲመጣ ቢያንስ የማውቀው ድምፅ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ደብተሬ ጀርባ ላይ የነሱን የሾው ሚ ዘ ሚኒንግን ግጥም በአማርኛ ፊደል ገልብጬ ይዤ ነበር፣ ትርጉሙን ሳላውቅ። በቃ እሱ ነው የኔ ክርክር

ሜሪላንድ ነኝ፦
ላስት ክሪስማስ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ሐበሻ ሆኖ ይሄንን የማያውቅ ብዙ ነው። የጆርጅ ማይክል ባንድ ዋም በ1984 ሲያወጡት የዘፈኑን ገቢ ለ77ቱ ረሃብ ነው የሰጡት፣ ለኛ። እንግሊዝ ላይ 2ኛ ሆኖ የቀረው ደግሞ 1ኛው ባንድ ኤይድ (ለረሃቡ የተሰባሰቡ ዘፋኞች) ስለነበር ነው፣ እሱም ለኛ፣ ጆርጅ ማይክል ደሞ ሁለቱም ላይ ዘፍኗል። 1ኛ የወጣው በ2021 መጀመሪያ ነው፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ያውም የሞተው በዲሴምበር 25። ስለዚህ እነ ኒክ ያንን ዘፈን ሲነኩት እኔ «ሞል ውስጥ የሚለቀቅ» ብዬ አልፌው አልሄድም

ወለተ ማርያም፦
ባንድ ኤይድን አታንሱብኝ። ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን ለኛ! ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ለሆነ ሀገር! ላሊበላ ላይ በገና ቀን ቤዛ ኩሉ ሲባል አላዩም? ወንዝ የለም ዝናብ የለም ብለው ዘፈኑ ደሞ፣ ዓባይ የማን ነው? እንኳን ባክስትሪት እሱን ኮቨር አላደረጉት

ሒሳብ ክፍል፦
እናውቃለን፣ ግን በታህሳስ 29 ነው የሚል መልስ መላክ ነበረብን 😂

ኮረም፦
ሳቁ፣ ግን እናቴ ያኔ መጠለያ ውስጥ ነበረች። ዘፈኑ ሰድቦን ይሆናል፣ ስንዴው ግን ደርሷል። እሷ የዘፈነውንም የሰደበንንም አታውቀውም፣ ያቺን ስንዴ ነው የምታውቀው። እዚህ ቁጭ ብላችሁ ግጥም አትመርምሩ።

ወለተ ማርያም፦
ወንድሜ እናትህን እግዚአብሔር ያኑርልህ፣ እኔ ስንዴውን አልተቃወምኩም። ረድተህ መስደብ ግን ይቻላል ወይ ነው። ሁለቱን ለምን አብረን እንውጣቸው? ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ እንኳ ልጄ ትምህርት ቤት «እናንተ ሀገር ዝናብ አለ?» ተብላ ተጠይቃለች። ያ ዘፈን ነው ያስተማራቸው

ኮረም፦
እሱስ ልክ ነሽ። ግን የተራበ ሰው ክብሬን አስቀድሙልኝ አይልም፣ ይሄንንም ያዢልኝ

ወለተ ማርያም፦
ለማንኛውም የፈረንጆቹ ገና እኛ ጾም ላይ ሳለን ነው የሚውለው፣ ከህዳር 15 ጀምሮ ነቢያትን እንጾማለን፣ እኔ በጾም ዘፈን አልሰማም። ከታህሳስ 29 በኋላ ከጠራችሁኝ እሰማዋለሁ

ኤንሲንክ ብቻ፦
ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ረስታችኋል። ተፎካካሪያቸው ባንድ ኤንሲንክ የገና አልበሙን በ1998 ነው የሰራው፣ በጉልበቱ ሰዓት፣ አብዛኛውም አዲስ ዘፈን ነው። እስካሁን በየዓመቱ ሬዲዮ ላይ አለ። እናንተ 24 ዓመት ዘግይታችሁ መጥታችሁ ኮቨር ስጡን ትላላችሁ። አቶ ሪትም ልክ ነው፣ ይሄ ጡረታ ነው

ሚሌኒየም ልጅ፦
መጣ። ማን ጠራህ? የኛዎቹ ሚሌኒየም በመጀመሪያው ሳምንት 1.13 ሚሊዮን ኮፒ የተሸጠ አልበም ነው በ1999፣ ያኔ ሪከርድ ነበር

ኤንሲንክ ብቻ፦
በ2000 የኛ ኖ ስትሪንግስ አታችድ በሳምንቱ 2.4 ሚሊዮን ሸጦ ሪከርዱን ወሰደው። እጥፍ ነው። ሒሳብ ክፍልን ጠይቂያት

ሒሳብ ክፍል፦
እጥፍ ከነትርፉ ነው፣ ይቅርታ ሚሌኒየም

ሚሌኒየም ልጅ፦
አንቺ ከማን ጋር ነሽ???

የብራያን ጠበቃ፦
2.4 ሚሊዮኑን ሸጦ ከ2002 ጀምሮ የት ሄደ? 20 ዓመት አልበም የለም። የኛዎቹ በ2019 ዲኤንኤ የሚባለውን አልበም አውጥተው 1ኛ ገብተዋል። ደሞ ሁለቱንም ያሳደጋቸው አንድ ሰው ነው፣ ሉ ፐርልማን፣ ሁለቱንም ዘርፏቸዋል፣ በመጨረሻ ሰው አታሎ እስር ቤት ሞተ። ስለዚህ አትኩራራ፣ ከአንድ ቤት ነው የወጣችሁት

ኤንሲንክ ብቻ፦
ከአንድ ቤት ወጥተን እኛ ጀስቲን ቲምበርሌክን አወጣን

አቶ ሪትም፦
ወደ ርዕሱ ብንመለስ። 3ቱን አዲስ ዘፈን ትናንት ማታ ሰማኋቸው። ክሪስማስ ኢን ኒው ዮርክ ጥሩ ነው፣ ሃፒ ዴይስ ይዘለላል። ክሪስማስ ኢን ኒው ዮርክ ዓይነት 10 ቢሆን ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር፣ ግን አይደለም። ከሚችል ሰው ያነሰ ስትቀበሉ ነው የሚያናድደኝ። ደጋፊ ሆናችሁ አታጨብጭቡ ሁሌ

የብራያን ጠበቃ፦
«ከሚችል ሰው»? ታዲያ ይችላሉ ማለት ነዋ። ድምፃቸው አልቋል ስትል አልነበር እንዴ ከላይ

አቶ ሪትም፦
ድምፅ አልቋል ያለው አቅራቢው ነው አልኩሽ!

የዱባይ ልጅ፦
እኔ የምለው ግን ፌሊዝ ናቪዳድን ለምን ሙሉውን ለሃዊ ብቻ አልሰጡትም? እናቱ ፖርቶ ሪካዊት ናት፣ የዘፈኑ ባለቤት ሆሴ ፌሊሲያኖም የዛው ሰው ነው። 29 ዓመት ሙሉ ሃዊ ከኋላ ሆኖ ሃርሞኒ ሲሞላ ኖረ አንዴ እንኳ በገና ቢያስቡለት ምን ነበረበት

ሜሪላንድ ነኝ፦
ይሄ ነው እውነተኛው ቅሬታ። ሃዊ የሚይዘውን ከፍተኛ ድምፅ አውጥታችሁ ስሙት፣ እሱ ባይኖር ሃርሞኒ የምትሉት የለም። የዘንድሮ ቱር ላይ በአካል አይቼዋለሁ፣ ማይኩ ሲደርሰው ህዝቡ ሽንት ቤት ይሄዳል። ግፍ ነው

የብራያን ጠበቃ፦
ሽንት ቤት የሚሄደው ህዝብ የኒክ ደጋፊ ነው፣ እኛ ቆመን ነው የምንሰማው

ሚሌኒየም ልጅ፦
ኒክን ምን አመጣው አሁን? የኒክ ደጋፊ ነኝ፣ ለሃዊም ቆሜያለሁ

ኤንሲንክ ብቻ፦
ሃዊ ደሞ የትኛው ነው?

ሚሌኒየም ልጅ፦
ውጣልን ከዚህ።