«ላባሽን ነጭተሽ ታደሺ» ሲባል ግሱ ልክ ነው?

ዳዊት ደጋሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ በባጃጅ ጀርባ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው፦ «ነፍሴ ሆይ፣ እንደ ንስር ላባሽን ነጭተሽ ታደሺ።» ሁለት ነገር ከነከነኝ። ወፍ አሮጌ ላባዋን ስትለውጥ በአማርኛ የሚባለው የቱ ነው? ነጨች፣ ጣለች ወይስ አራገፈች? ደግሞስ «ታደሺ» አዲስ ሁኚ ማለት ነው ወይስ እንደ ቤት እድሳት የነበረውን መጠገን?

ዘአገባብ፦ ከምንጩ እንጀምር። ዳዊት 102 (በአማርኛው 103) ቁጥር 5 በግእዝ፦ «ወይትሔደስ ከመ ንስር ውርዙትኪ»። የ«ይትሔደስ» (ይታደሳል) ባለቤት ውርዙት ነው፤ ጎልማስነት፣ ከ«ወራዙት» ጋር የአንድ ቤት ልጅ። «ኪ» ያለው ለነፍስ ስለሚናገር ነው። አማርኛው ደግሞ «ጎልማስነትሽን እንደ ንስር ያድሳል» ብሎ አድራጊውን እግዚአብሔርን አደረገ። ግእዙም አማርኛውም ነፍስን ራስሽን አድሺ አላሏትም። «ነጭተሽ» የምትለዋ ቃል ከየት መጣች?

የወፍ ዐይን፦ የመጣችው በየስብከቱ ከሚነገረው ታሪክ ነው። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ይሰብራል፣ አዲስ ሲበቅልለት ጥፍሩንና ላባውን ይነቅላል፣ ከአምስት ወር በኋላ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል ይባላል። እንዲህ የሚያደርግ ንስር የለም። የምንቃር ውስጡ አጥንት ነው፤ ላዩን የሸፈነው እንደ ጥፍር ያለ ልባስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ሲበላና በእንጨት ሲስለው ያልቃል። አጥንቱ ከተሰበረ ግን አይተካም፤ ሥጋ መቦጨቅ ያቃተው ንስር ደግሞ በረኃብ ይሞታል፣ አምስት ወር አይጠብቅም። በዱር ከተመዘገበው ሁሉ ረጅሙ የአሜሪካው ራሰ ነጭ ንስር ዕድሜም 38 ዓመት ነው።

ላባው የሚለወጠው በተራ ነው። በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ 10 ትልልቅ የመብረሪያ ላባዎች አሉ፤ ከቀኝም ከግራም ተመጣጥነው ጥቂት ጥቂት ይወድቃሉ፣ ስለዚህ መብረሩን አያቆምም። ትልልቆቹ ንስሮች ሁሉንም ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። በማደግ ላይ ያለ ላባ ሥሩ ደም የቋጠረ ነው፤ ቢነጭ ይደማል፣ ማብቀያው ከተጎዳም ጠማማ ሆኖ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይበቅልም። ስለዚህ «ነጭተሽ» ከንስር ጠባይ አልተወሰደም።

መርጌታ ዘሐይቅ፦ ልጆቼ፣ በቅኔ ቤት ንስር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምሥጢሩ ነው። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ፣ በ1877 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ የታተመው፣ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየጠቀሰ ወደ ክርስቶስ ያመጣል። በዚያ ትውፊት ንስር ሲያረጅ ዐይኑ ይፈዛል፣ ክንፉ ይከብዳል፤ ንጹሕ ምንጭ ፈልጎ ወደ ፀሐይ ይወጣና አሮጌው ክንፉና የዐይኑ ጭጋግ ይቃጠልለታል፣ ከዚያ ወርዶ ሦስት ጊዜ በውኃው ይጠመቃል። ፀሐይ፣ ውኃ፣ ሦስት ጊዜ! የጥምቀት ምሳሌ መሆኑ ግልጽ ነው። ምንቃር መስበር የሚባል ነገር የለበትም። ያንን ከአባቶች የመጣ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ዘአገባብ፦ መርጌታ፣ እዚያም ቢሆን የሚያቃጥለው ፀሐዩ ነው፣ የሚያድሰው ውኃው ነው። ንስሩ የሚወጣና የሚወርድ ብቻ።

መርጌታ ዘሐይቅ፦ መውጣትና መውረድስ ሥራ አይደለም? ንስሐ የሚገባ ሰው ተቀምጦ አይታደስም። «በክንፍ ይወጣሉ» ያለውን ኢሳይያስ 40፥31 አትርሳ።

ሰማነህ፦ ንስሩ ንስር መሆኑ መች ታወቀና? ማቴዎስ 24፥28 በግእዝ «ኀበ ሀለወ ገደላ ህየ ይትጋብኡ አንስርት» ይላል፤ አማርኛው «በድን ወዳለበት በዚያ አሞራዎች ይሰበሰባሉ»። አንስርት የንስር ብዙ ነው፤ አማርኛው አሞራ ያለው በድን ላይ የሚሰበሰበውን ስለሚያውቅ ነው። በዕብራይስጥም ቃሉ ጥንብ አንሳንም ይጨምራል፤ ሚክያስ 1፥16 ስለ መላጣነት ሲናገር የሚጠራው ይህንኑ ወፍ ነው፣ ንስር ግን ራሱ መላጣ አይደለም። ደግሞም «አሞራ ገደል» የሚለው የሐይቃችን ዳር ስም ከዚሁ «ገደላ» የመጣ ይመስለኛል። ዓሣ ሲበለት አንጀቱ በሚጣልበት ቦታ የሚሰበሰቡትን አስቡ።

ዘአገባብ፦ ወንድሜ፣ ይህ አይሄድም። በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፤ አሞራ ገደል የአሞራ የሆነ ገደል ነው። በአንተ ፍቺ የአሞራ በድን ሊሆን ነው፣ የሞተው አሞራው ሆነ ማለት ነው። ገደላ ደግሞ የመጽሐፍ ግእዝ ነው፤ ለመንደር ስም አልወረደም።

የወፍ ዐይን፦ እዚያ የሚሰበሰበው አባ ኮዳ ደግሞ ከሽመላ ወገን እንጂ ከንስርም ከጥንብ አንሳም አይደለም። ራሱና አንገቱ የተራቆተው በድን ውስጥ ሲገባ ላባ እንዳይቆሽሽበት ነው። በሐይቁ ላይ ንስር የሚባለው ራሰ ነጩ፣ ከውኃ ላይ ዓሣ የሚነጥቀው ነው። ጫጩቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ሆኖ ይጀምርና ነጭ ራስና ደረት እስኪያወጣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ላባ በላባ ይለወጣል። ከንስር ትምህርት ለሚፈልግ ሰው ይህን አለማየት ያሳዝናል፤ ዐይኑ ሥር እያለ በሌለ ተራራ ላይ ያልተሰበረ ምንቃር ይሰብካል።

ሰማነህ፦ የአገባቡን ተቀበልኩ። ንስር ጥንብ አንሳንም ይጨምራል ያልኩትን ግን አልተውም።

ዳዊት ደጋሚ፦ የመታደስን ጉዳይ ማን ይመልስልኝ?

ዘአገባብ፦ ዳዊት 50 ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፦ «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ» (ንጹሕ ልብ ፍጠርልኝ)፣ ቀጥሎ «ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ» (የቀናውንም መንፈስ አድስ)። ፍጥር ያልነበረውን ነው፤ ሐድስ የነበረውን ወደ አዲስነቱ መመለስ ነው። መታወቂያ ሲታደስ ባለቤቱ ያው ነው። ሁለቱም ልመና መሆናቸውን ደግሞ ልብ በል።

መርጌታ ዘሐይቅ፦ «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» የሚለው ሮሜ 12፥2ስ? መታደሱ መለወጥን ካላመጣ ቀለም መቀባት ብቻ ይሆናል። የቤት እድሳት ምሳሌው ለነፍስ ጠባብ ነው።

የወፍ ዐይን፦ እኔ ግሱን ልመልስ። አራገፈ ለዛፍ ይስማማል፤ ንስር ግን እንደ ዛፍ በአንድ ወቅት አይራቆትም። ነጨ ደግሞ ለታረደ ዶሮ ነው፣ ወይም በሐዘን ፀጉር ለሚነጭ። የወፍ አሮጌ ላባ የሚወድቀው አዲሱ ከሥር በቅሎ ሲገፋው ነው። ስለዚህ «ላባዋ ረገፈ» እላለሁ፤ አድራጊ የለበትም፣ ከ«ይትሔደስ»ም ጋር ይገጥማል።

መርጌታ ዘሐይቅ፦ «ረገፈ» ለወረርሽኝና ለጦርነት እልቂትም ይባላል፤ በመታደስ አጠገብ ሲቀመጥ ጆሮ አይቀበለውም። «ጣለች» ይሻላል።

የወፍ ዐይን፦ ይቅርታ መርጌታ፣ አበባም ረግፎ ነው ፍሬ የሚይዘው።