ናርጋ ሥላሴ፣ ዳጋ፣ ክብራንና ዘጌ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ?

መንገደኛ፦
ሰላም ናችሁ። በጥር መጨረሻ ከእናቴና ከሚስቴ ጋር ባሕር ዳር ሁለት ቀን እንቆያለን። የጣና ገዳማትን፣ ናርጋ ሥላሴን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ክብራን ገብርኤልንና ዘጌ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ በአንድ ቀን ጀልባ ማዳረስ ይቻላል? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ማዕበልም ትፈራለች። ከጀልባ ነጂው ጋርስ ምን ምን እንነጋገር?

የጣና ዳር፦
አራቱን በአንድ ቀን ተወው፤ ለእናትህ ቅጣት ነው። ናርጋ ያለው ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ በተራ የሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዳጋ ለደቅ ቅርብ ስለሆነ ሁለቱን ባንድ ቀን፣ ዘጌንና ክብራንን በሌላው ቀን አድርጉ።

ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ጠብቁ። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ግድም ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጀልባውን ያንገጫግጨዋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሡ፣ ሩቁን አስቀድሙ፣ ከ6 ሰዓት በፊት ፊታችሁን ወደ ባሕር ዳር አዙሩ። እናትህ ከኋላ ይቀመጡ። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ምቱ የሚበረታው ከፊት ነው።

ዘጌ ቡና፦
አንድ ነገር ተረስቷል፦ ዳጋና ክብራን ሴት አይገባባቸውም። እናትህና ባለቤትህ ከጀልባ ማረፊያው አያልፉም። ዳጋ የነዘርዐ ያዕቆብና የነፋሲል አስከሬን ያረፈበት ነውና ማየት ብትፈልግ አይፈረድብህም፤ ግን ዳገቱን ወጥተህ እስክትመለስ እነሱ ፀሐይ ላይ ይጠብቁሃል። ናርጋ ከውሃው ዳር ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል። በክብራን ፋንታ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ አለላችሁ፤ ሴቶችም ይገባሉ። ኡራ ከማረፊያው በቡናው ደን መሀል ዳገት አለው፤ ምርኩዝ ያዙ። የመግቢያ ክፍያው በየገዳሙ ለብቻው ስለሆነ ዝርዝር ብር አይለያችሁ።

ሞተረኛ፦
ዋጋ ስትነጋገር የደርሶ መልስ ነዳጁንና የመቆያ ሰዓቱን ጨምሮ መሆኑን አስረግጠህ ጠይቅ። ጠቡ ሁሌ የሚነሣው ከመቆያው ነው። ላይፍ ጃኬቱን በቁጥር ብቻ አትመን፤ እያንዳንዱን ለብሳችሁ ማሰሪያውን ቆልፋችሁ እዩ። ትርፍ ነዳጅና መቅዘፊያ መኖሩንም ተመልከት።

ሞተሩ ሲነሣ ከጀርባው ቀጭን ውሃ መፍሰስ አለበት። የሐይቁ አረም እንቦጭ ሲጠመጠምበት የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያ ይደፈንና ያቺ ውሃ ትቋረጣለች። ያኔ ነጂው ወዲያው አጥፍቶ፣ ሞተሩን ከውሃ አንሥቶ ማጽዳት ነው ያለበት። "ትንሽ እንሂድ" ካለ ሞተሩ ግሎ መሀል ሐይቅ ላይ ይቆማል።

መንገደኛ፦
ተባረኩ! ዳጋን ትቼዋለሁ። ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ትልቁ የሕዝብ መርከብ ለእናቴ አይሻልም?

የጣና ዳር፦
መወዛወዙ ያንሳል፣ ለጉብኝት ግን አይሆንም። ሰውና ጭነት አውርዶ ይቀጥላል እንጂ ገዳም ተሳልማችሁ እስክትመለሱ አይጠብቅም። በሁለተኛው ቀን ኡራን አስቀድሙ፤ እንጦስ ለባሕር ዳር ስለሚቀርብ ስትመለሱ ይደረስበታል። የአካባቢውን ሁኔታም በዋዜማው ወደቡ ላይ ጠይቁ።