ብርጭቆና መለኪያ ላይ ጌጥ መቅረጽ ለምትፈልጉ፣ ከደብረ ብርሃን ጥቆማ

ብርጭቆ ላይ ሐረግ ወይም ስም መቅረጽ እፈልጋለሁ፣ በምን ልጀምር ለምትሉ፣ የኔ ጥቆማ አጭር ነው። ብርጭቆ በሚበላ የኬሚካል ክሬም አትጀምሩ። በትንሿ የእጅ መቅረጫ ማሽን ጀምሩ።

ክሬሙ ቀላል ይመስላል። ፊደሉ ተቆርጦ የወጣለት ስቲከር ትለጥፋላችሁ፣ ክፍቱ ላይ ትቀባላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ታጥባላችሁ፣ አለቀ። ግን ብርጭቆውን የሚበላው ፍሎራይድ ያለበት ኬሚካል ነው። ቆዳ ነክቶ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፣ ጉዳቱ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ከነካችሁ በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ፍሎራይድ መሆኑንም ንገሯቸው፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ያለ ጓንትና መነጽር በፍጹም አትንኩት። በጠርሙስ ቀድቶ አሲድ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ሌላው፣ ክሬም ብርድ አይወድም። የኛ ከተማ ጠዋት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ብትቀቡት ሥራው ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ታድላችኋል። እዚህ ግን ከሰዓት፣ ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁና በደንብ አድርቃችሁ ሞክሩ። ፓይሬክስ (ሙቀት የሚችለው ብርጭቆ) ላይ ግን እንደ ዓይነቱ ላይዘው ይችላል።

ለስቲከሩ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፕሎተር (ስቲከር በቅርጽ የሚቆርጥ ማሽን) ያለው ማስታወቂያ ቤት ይበቃችኋል፣ ለዚህ ብላችሁ አዲስ አበባ አትውረዱ። ስታዙ "ፊደሉ ይውጣ፣ ዳሩ ይቅር" በሉ፣ ካልነገራችኋቸው የለመዱትን ግልባጩን ነው የሚሰጧችሁ። እንደ ወ እና መ ያሉ ፊደላት መሃል ያለችውን ክብም አስታውሷቸው፤ ስቲከሩን እንዳለ አንሥቶ ብርጭቆው ላይ የሚያሳርፈው ማሸጋገሪያ ፕላስተር ካልተለጠፈበት እሷ ትወድቅና ፊደሉ ድፍን ይሆናል።

የመስኮትና የበር መስታወት ቤቶች "ሳንድብላስት እንሠራለን" ሲሏችሁ ናሙናውን በጥፍራችሁ ፈትሹ። ጠርዙ ከተነሣ የተለጠፈ ስቲከር ነው። እውነተኛው በአሸዋ ግፊት የተፋቀ ስለሆነ ሸካራ ነው፣ አይላቀቅም።

ወደ ማሽኑ ስንመለስ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል ይሁን። ማሽኑን እዚሁ ግዙ፣ የአልማዝ ጫፎቹን ግን መርካቶ የሚሄድ ሰው ካለ ላኩት፣ ምርጫው እዚያ ይሰፋል። ትንሿ ድቡልቡል ጫፍ ለጀማሪ ምርጥ ናት። ሥዕሉን ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ብርጭቆው ውስጥ ለጥፉ፣ ከውጭ መስመሩን ተከተሉ። ጫፉ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፣ ውሃው ሙቀቱንም ዱቄቱንም ይይዝላችኋል። የብርጭቆ ዱቄት ሳንባ ይጎዳልና ማስክ አይቅር።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ወፍራም የአረቄ መለኪያ ላይ ይሁን። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) የሆነ ብርጭቆ አትንኩ፣ አንዳንድ የሻይ ብርጭቆ እንደዚያ ነው፣ ሲቀረጽ በአንዴ ሊበታተን ይችላል። ብርሌ በጣም ያምራል፣ በተለይ ሆዱ ላይ ቀጭን ሐረግ ዙሪያውን ሲሄድ ጠጁ ከኋላ ወርቅ መስሎ ይታያል። ግን ስስ ነው። አንገቱም ወረቀት አያስገባም፣ ስለዚህ ውጭው ላይ በማርከር ሥላችሁ ሳትጫኑ ደጋግማችሁ ሂዱበት። ጥልቀት አትፈልጉ።

መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ፕሎተር ያለው ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን፣ ከዚያ አካባቢ የሚጠይቁ አሉ።