ወንድሜ ጓንዡ ሊማር ነው፣ እዛ ሰው እንዴት ነው ሚኖረው?

የሆጤዋ፦
ሰላም ወሎዬዎች ባላችሁበት። ታናሽ ወንድሜ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ቻይና ጓንዡ ሊሄድ ነው አልሃምዱሊላህ፣ ወረቀቱ ሁሉ አልቋል ቪዛም ወጥቷል፣ አሁን የቀረን እናቴን ማረጋጋት ነው። እሷን ያስጨነቃት ትምህርቱ አይደለም፣ "ከማን ጋር ቡና ይጠጣል? ቢያመው ማን በሩን ያንኳኳል?" ነው ምትለው ሌሊት እየተነሳች። ልጁ ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ ነው፣ አቦሉን እኛ ቤት ከጠጣ ቶናው ጎረቤት ነው፣ ብቻውን በልቶ አያውቅም። በዛ ላይ ሀራም እንዳይበላ፣ ጁምዓ ሚሰግድበት እንዳያጣ ትላለች። ኔት ላይ ስፈልግ ፎቅና ባቡር ብቻ ነው ሚያሳዩኝ፣ ማማዋ 600 ሜትር ነው ምናምን፣ እኔ ግን ማወቅ ምፈልገው ሰዉን ነው። ጠዋት ምን ይቀምሳሉ፣ ጎረቤት ይተዋወቃል ወይ፣ ሽማግሌና አሮጊቱ የት ነው ሚውለው? ሻንጣውንም እየሞላችው ነው፣ ቅቤ በርበሬ ሽሮ ድርቆሽ ቡና፣ የቱ ይገባል የቱ ይቀራል? የኖራችሁበት እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ ለእናቴ ነው ማነብላት።

ቦርከና፦
አብሽሪ እህቴ፣ እናታችንንም አይዞሽ በያት። ጓንዡ ለንግድ ተመላልሻለሁ ኋላም ኖሬባታለሁ። ከምግቡና ከሶላቱ ልጀምርልሽ ምክንያቱም እናትን እንቅልፍ ሚያስተኛት እሱ ነው።

ከተማዋ ከጥንትም የወደብ ከተማ ናት፣ ከሺህ ዓመት በላይ የአረብና የፋርስ ነጋዴ በመርከብ ሲመጣባት የኖረች ናት፣ ስለዚህ እስልምና እዛ እንግዳ አይደለም። ሁዋይሸንግ ሚባለው መስጂድ በቻይና በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ 36 ሜትር ገደማ ሚሆን ሚናራ አለው፣ ድሮ ወንዙ ቅርብ በነበረ ጊዜ መርከበኞች እሱን እያዩ ነበር ሚገቡት ይባላል። ሌላው ዩዌሹ ፓርክ አካባቢ ያለው ሺየንሺየን መስጂድ ነው፣ ጁምዓ ውስጡ ይሞላና ግቢው ዛፍ ስር ሁሉ ይሰገዳል፣ አፍሪካዊው አረቡ ፓኪስታኑ ሁዪ ሚባለው የቻይና ሙስሊም ትከሻ ለትከሻ ነው። እዛው ግቢ የሰሐባው የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ቀብር ነው ሚባል ቦታ አለ። የታሪክ ሊቃውንት መዲና ነው የተቀበሩት ነው ሚሉት፣ የቻይና ሙስሊሞች ግን ሰዕድ ከሀበሻ ምድር በመርከብ ተነስተው ነው የመጡልን ብለው ይተርካሉ፣ እና ስለ ነጃሺ ሲወራ እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ እዛ ግቢ ገብቶ መስገድ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ እንባዬ መጥቷል።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ይወቅ። ጓንዡ አሳማ በሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል፣ አትክልት ብቻ ነው ብሎ ያዘዘው ራሱ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሀላል ሚለውን የቻይንኛ ጽሑፍ ከመሄዱ በፊት ስልኩ ላይ ፎቶውን ይያዝ፣ ብዙ ጊዜ አጠገቡ በአረብኛም ተጽፎ ያገኘዋል። በየሰፈሩ የላንዡ ፓስታ ቤት አለ፣ ሊጡን እፊትህ በእጁ እየሳበ እያጠፈ እንደ ክር አቅጥኖ የበሬ ስጋ መረቅ ውስጥ ይከትልሀል፣ ብዙዎቹን የከፈቱት ቺንግሃይ ከሚባል የቻይና ክፍለ ሀገር የመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፣ ወንዱ ነጭ ቆብ ሴቷ ሻርፕ አድርጋ፣ 20 ዩዋን ገደማ ይዞ ጠግቦ ይወጣል። ብዙ ዩኒቨርሲቲም የሙስሊም ካፌ ለብቻው አለው። እንጀራ ሲያምረው ደግሞ ሻውቤ ይሂድ፣ አፍሪካውያን ሚበዙበት ሰፈር ነው፣ ሀበሻ አያጣም።

ጉርብትናውን ግን ልዋሽሽ አልችልም። ከ18 ሚሊየን በላይ ሰው ያለበት ከተማ ነው፣ ግማሹ ከሌላ ቦታ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ነው፣ ሊፍት ውስጥ ሁሉም ስልኩን ነው ሚያየው፣ ፊት ለፊትህ ያለው በር ውስጥ ማን እንዳለ ሳታውቅ ትወጣለህ። ቡና ድረሱ ብሎ ሚጠራ የለም። ይሄን እናታችን ከአሁኑ ብታውቀው ይሻላል።

ጦሳ ማዶ፦
እኔ ማስተርሴን እዛው ጓንዡ ነው የሰራሁት፣ ቦርከና የጻፈው ስለ ምግቡ ልክ ነው ስለ ሰዉ ግን አልስማማም። ጉርብትና አለ፣ ያለው ግን ቤት ውስጥ አይደለም ደጅ ነው። ቤታቸው ጠባብ ነው ሰው ቤት መጥራት ብዙም ልማዳቸው አይደለም፣ ስለዚህ ሰው ምታገኘው ሻይ ቤትና ፓርክ ነው።

የሆጤዋ ለእናትሽ ይሄን አንብቢላት። የጓንዡ ሰው ጠዋት ሻይ ቤት ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይነጋ ተሰልፈው በር ሲከፈት ነው ሚገቡት፣ ክብ ጠረጴዛ ከበው አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ያዛሉ ከሱ ጋር በእንፋሎት የበሰለ ትንንሽ ምግብ በቀርከሃ ሙዳይ ይመጣል፣ ሽሪምፕ የታሸገበት፣ የሩዝ ሊጥ፣ ጣፋጭ ዳቦ፣ እያወሩ ጋዜጣ እያነበቡ ሦስት ሰዓት አራት ሰዓት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሲኒውንና ሳህኑን በትኩስ ሻይ ያለቀልቁታል። ሻይ ሚቀዳው ለራስህ አይደለም መጀመሪያ ለሌላው ነው፣ ለታላቅ ይቀደማል። የተቀዳለት ሰው ደግሞ በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ቶክ ቶክ ያደርጋል፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ሚተርኩት ታሪክ አለ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ንጉሥ ቺየንሎንግ ተራ ሰው መስሎ ሲዞር ለአሽከሩ ሻይ ይቀዳለታል፣ አሽከሩ ተንበርክኮ እንዳያመሰግን ንጉሡ ሊታወቅበት ነው፣ ስለዚህ ጣቱን አጥፎ በጠረጴዛው ላይ አንበረከከው ይላሉ። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ይተዉታል አስተናጋጇ አይታ ውሃ ትጨምራለች፣ መጥራት የለም። ይሄ የእኛው የረከቦት ወግ ነው፣ ስኒው ይለያል እንጂ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በጾም ወቅት እዛ ጠረጴዛ ላይ ምበላው ይጠበኝ ነበር፣ ቶፉ በየቦታው ስላለ እሱ አወጣኝ፣ አረንጓዴ ጎመኑም ጥሩ ነው ግን ከላዩ የባህር እንስሳ ሶስ ያፈሱበታል፣ ያለሱ ስጡኝ ማለት አለብሽ። ጿሚ መሆኔን ያወቁት አሮጊቶች ቀጥሎ ስመጣ ራሳቸው ለአስተናጋጇ ይነግሩልኝ ነበር። አብረውኝ ሚማሩት የሙስሊም ልጆችም እንደዛው፣ እሷ ይሄን አትበላም ብለው እጃቸውን ሚይዙላቸው እናቶች ነበሩ። ታዲያ ይሄ ጎረቤት ካልሆነ ምንድነው?

ማታ ደግሞ አደባባዩ ሁሉ የሴቶች ጭፈራ ነው፣ ጡረታ የወጡ እናቶች ስፒከር ይዘው ተሰልፈው ይጨፍራሉ፣ ወንዶቹ የቻይና ቼዝ ላይ ናቸው ከበው ሚያዩት ከተጫዋቹ ይበዛሉ። ዩዌሹ ፓርክ ጠዋት ቢሄድ ሚዘምረው ሚዘረጋጋው የልጅ ልጅ ሚያጫውተው ሁሉ እዛ ነው። ወንድምሽ ቁጭ ብሎ ከጠበቀ ማንም አይመጣም፣ ወጥቶ አጠገባቸው ከተቀመጠ ግን ራሳቸው ያናግሩታል፣ ስንት ትከፈላለህ፣ አግብተሀል ወይ ይሉታል፣ አይቀየም እነሱ ጋ ነውር አይደለም። ፀጉሩንም ሊነኩ ይችላሉ። የሀገሬው ሽማግሌ ካንቶንኛ ነው ሚያወራው፣ ትምህርት ቤት ሚማረው ማንዳሪን ሌላ ነው፣ ሁለት ሦስት የካንቶንኛ ሰላምታ ከቻለ ፊታቸው ይበራል።

ድርቆሹን በትንሽ በትንሹ አሽጋችሁ ስጡት። መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ እርጥበቱ ግድግዳውን ያልበዋል ልብስ አይደርቅም፣ ክፍት ያስቀመጥሽው ሁሉ ይሻግታል። ጋቢም ይያዝ፣ ሀገሩ ሞቃት ነው ቢሉትም ጥር ላይ ቤቱ ማሞቂያ ስለሌለው ውስጥ ነው ሚበርደው።

የኮምቦልቻው፦
እኔ ቻይና አልሄድኩም፣ ኮምቦልቻ ከቻይናዎች ጋር ነው ምሰራው። ምሳ ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ከምሳ በኋላ መብራት አጥፍተው ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ፣ ያኔ ለስራ አትቀስቅሷቸው። ውሃ ትኩስ ነው ሚጠጡት፣ ሲያምህ ሲደክምህ ሁሉ ትኩስ ውሃ ጠጣ ይሉሀል፣ የመቆርቆራቸው ምልክት ነው። አንዱ ኃላፊያችን በአዲስ ዓመታቸው ለእያንዳንዳችን በቀይ ፖስታ ብር ሰጥቶናል፣ በሁለት እጅ ተቀበሉ አሉን፣ ያው እኛም ለታላቅ እንደዛው አይደል። ወንድምሽ ፖስታውን ሰጪው ፊት እንዳይከፍተው።

ይማም ከባቲ፦
ልጆቼ ሁላችሁም ደህና ጻፋችሁ ዋናውን ግን ማንም አላነሳው። ጫት። በቻይና ጫት በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ በአደንዛዥ ዕፅነት የተከለከለ ነው፣ እርጥቡም ደረቁም። እኛ ሀገር ዱዓ ላይ ሚቀርብ ነገር ስለሆነ ልጁ ወንጀል አይመስለውም፣ እዛ ግን እስር ቤት ነው ሚያስገባው። ከራሱ በላይ ሚያሰጋኝ የሰው እቃ ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ "ለወንድሜ አድርስልኝ ትንሽ ሻይ ቅጠል ነው" ሚል ሰው አይጠፋም። ወሎዬ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ዘመድ ይሁን ጎረቤት ይሁን ከፍቶ ያላየውን አንድ ፌስታል እንዳይነካ አደራ በይው ልጄ። የዕፅ ዝውውር እዛ ሀገር እስከ ሞት ያስቀጣል።

ቅቤውንም እናትሽ ትተወው፣ ስጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ትኩስ ፍራፍሬና ዘርም እንደዛው። ቡናውን ቆልታ አስፈጭታ ትስጠው። በርበሬና ሽሮው በደንብ ይታሸግ፣ ሲጠይቁት ምን እንደሆነ ይናገር።

የሆጤዋ፦
አላህ ያክብራችሁ። ለእናቴ ስለ ሻይ ቤቱ ሳነብላት ሁለቴ ድገሚልኝ አለችኝ፣ "ለታላቅ ሚቀዱ ከሆነማ ሰው ናቸው" አለች። አያ ይማም የሰው እቃ ነገር በእውነት አላሰብነውም ነበር፣ አንድ ሰው ከወዲሁ እቃ አድርሱልኝ ብሎን ነበር፣ ዛሬውኑ እምቢ ብያለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ በየቀኑ ልታየው ትፈልጋለች፣ ቴሌግራም ይሰራል? ሲደርስስ መጀመሪያ ምን ያድርግ?

ቦርከና፦
ጦሳ ማዶ ስለ ፓርኩ ያልሽው እውነት ነው፣ እኔ ነጋዴ ሆኜ ከመጋዘን መጋዘን ስሮጥ አላየሁትም።

የሆጤዋ፣ ቴሌግራም ዋትስአፕ ፌስቡክ ዩቲዩብ እዛ ዝግ ነው። ዊቻት ይጠቀሙ፣ ልጁ ሳይሄድ በእናታችን ስልክ ላይም አስከፍቱ ምክንያቱም አዲስ አካውንት ሲከፈት ቀድሞ ያለው ሰው እንዲያረጋግጥ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያኔ ዊቻት ያለው ሰው አጠገባችሁ ቢኖር ይሻላል። ሰዓቱ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፣ ከዒሻ በኋላ ከደወለች ከእንቅልፉ ነው ምትቀሰቅሰው፣ ከአስር ሶላት በኋላ ትደውል እዛ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው።

ሲደርስ ከግቢ ውጪ ሰው ቤት ካደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመዝገብ አለበት፣ ሆቴል ካደረ ሆቴሉ ይመዘግብለታል። የመኖሪያ ፈቃዱን ደግሞ በገባ በ30 ቀን ውስጥ ያመልክት፣ ዩኒቨርሲቲው ይመራዋል ግን እሱም ቀኑን ይያዝ። ጉልት ላይ ስኳር ድንች ምትሸጠዋ ሳትቀር በስልክ ነው ምትቀበለው፣ ስለዚህ ባንክ ከፍቶ በስልክ መክፈያዎቹ አሊፔይና ዊቻት ላይ እስኪያገናኝ ትንንሽ ዝርዝር ዩዋን በኪሱ ይኑር። የኢትዮጵያ ቆንስላ እዛው ጓንዡ አለ፣ ስልኩን በወረቀትም ጽፎ ይያዝ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል። የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ልጅ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እዛ ያሉ የደሴና የሐይቅ ልጆች አሉ አየር ማረፊያ ሚቀበለው እፈልጋለሁ።