የ1936ቱን ሽልንግ ሳልፍቀው እንዴት ልለየው?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። አያቴ ማርትሬዛና የጃንሆይን ሽልንጎች ትተውልኛል። ሽልንጎቹ ሁሉም 1936 ይላሉ። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የተመቱት 80 በመቶ ብር አላቸው፤ በኋላ ያንኑ 1936 ዓመተ ምሕረት ይዘው የተመቱት ግን 70 በመቶ ብቻ። ለዓይን አንድ ናቸው። የ1969ኞቹ ሽልንጎች መዳብና ኒኬል ስለሆኑ አያሳስቡኝም።

ፒያሳ ያለ አንድ ብር ሠሪ «በሚዛን ሽጥልኝ፣ አቅልጬ ጌጥ አደርገዋለሁ» ይለኛል። ይሄ ያንገበግበኛል! ሽልንግ ከብር መመታቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ የቀለጠው አይተካም። ግን የቤት ኪራይም አለብኝ።

ሳልፍቅና አሲድ ሳላስነካ የምለይበትን መንገድ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሳያቀልጥ የሚገዛ ሰብሳቢ ይኖር ይሆን? ማርትሬዛዎቹስ አዲስም አሮጌም 1780 ስለሚሉ በምን ይለያሉ?