ለጂ ፕላስ ዜሮ (ፎቅ ለሌለው ቤት) እስከ ወለል 120 ኩንታል ሲሚንቶ አይበዛም?

ዳቤ ሰፈር፦ ሰላም ወገን። አዳማ ዳቤ በኩል 12 በ8 የሆነች ቤት ላስጀምር ነው። ፉቲንጉ (ከምሰሶ ስር የሚቀበረው የአርማታ መሰረት) 12 ነው፣ 1.20 በ1.20 ውፍረቱ 35 ሳንቲም፣ ግሬድ ቢሙ (ምሰሶዎቹን ከታች የሚያያይዘው አግዳሚ አርማታ) 25 በ35 ሆኖ ዙሪያውም መሃሉም ተደምሮ 60 ሜትር ይመጣል፣ ወለሉ 10 ሳንቲም። ፎርማኑ እስከ ወለል ድረስ 120 ኩንታል ግዛ አለኝ። በዚህ የሲሚንቶ ዋጋ 30 ኩንታል እንኳ ቢተርፍ ቀላል ብር አይደለም፣ እንዴት እንደሚሰላ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ እስቲ

ሳይት ላይ፦ ወንድሜ ሁሉንም ወደ ኪዩብ (ሜትር ኩብ) ቀይረው፣ ርዝመት በወርድ በውፍረት፣ ሳንቲሙን ወደ ሜትር ሳትመልስ እንዳታባዛ ብቻ። ፉቲንግ 6 ኪዩብ፣ ግሬድ ቢም 5.25፣ ወለል 9.6። መሬት ውስጥ የሚቀረውን ኮለን (ምሰሶ) አልጻፍክም ግን 30 በ30 ሆኖ ቁመቱ 1.20 ቢሆን 12ቱ 1.3 ነው። ድምሩ 22 ከምናምን፣ ለብክነት 5 ፐርሰንት ስትጨምርበት 23.3 በለው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ጋ መጣን። 1 ሲሚንቶ ለ 2 አሸዋ ለ 3 ጠጠር ስታቦካ አሸዋው ጠጠሩ መሃል ሲሚንቶው አሸዋው መሃል ስለሚገባ 1 ኪዩብ አርማታ ለማውጣት 1.54 ኪዩብ ያህል ደረቅ ማቴሪያል ነው የሚገባው። ስለዚህ ለአንድ ኪዩብ 3.7 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኪዩብ አሸዋ፣ 0.77 ጠጠር ያዝ። ያንተ 86 ኩንታል ገደማ ነው።

ዳቤ ሰፈር፦ እና 34 ኩንታል ወዴት ሊሄድ ነው?? ነገ ጠዋት ነው የማናግረው

ግንበኛው፦ ኧረ ቆይ ሰውየውን እንዳታስቀይመው! ከግሬድ ቢሙ ስር ያለው የድንጋይ ግንብ በምን ሊያያዝ ነው፣ በምራቅ? 😂 ወርዱ 50 ሳንቲም ከፍታው 80 ቢሆን 60 ሜትሩ 24 ኪዩብ ግንብ ነው፣ ሲሶው ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ነው፣ ማለት 8 ኪዩብ፣ 1 ለ 4 ከተቦካ 30 ኩንታል ይበላል። ፉቲንጉ ስር የምትነጠፈው 5 ሳንቲም ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው የሳሳ አርማታ) ደግሞ ወደ 2 ኩንታል ትወስዳለች። ደምረው እስቲ፣ 118። ፎርማንህ ልክ ነው፣ ዝርዝሩን አልነገረህም እንጂ። አሸዋም ለግንቡ 8 ኪዩብ ጨምር፣ በጠቅላላ 20 ኪዩብ፣ ጠጠር 18።

ሲሚንቶውን ቀንስ የሚልህ ካለ ደግሞ አትስማ፣ በ2017 ታህሳስና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዳማም እኮ ተሰምቶናል።

ቢያጆ፦ ሲሚንቶውን አሳምራችሁ አስላችሁለት፣ ብሩ የሚያልቀው ግን አሸዋና ጠጠር ላይ ነው። ሲኖው (ገልባጭ መኪናው) 16 ኪዩብ ነው ሲሉህ ዝም ብለህ አትቀበል፣ ሳይራገፍ ሜትር ይዘህ ውጣና ሳንዱቁን ለካው፣ ጥጉ ላይ ጎድሎ መሃሉ የተቆለለ ከሆነ አስተካክለው በላቸው። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ያብጣል፣ ሲደርቅ ሩቡ ያህል ሊሟሽሽ ይችላል፣ በሳጥን ስታስለካም እሱን አስብ።

ሌላው ወለሉ ስር የሚነጠፈው ድንጋይ ነው። ክፍተቱን በደቃቅ ጠጠር ሞልተው ካልጠቀጠቁት አርማታው ወደ ውስጥ እየገባ 10 ሳንቲም ያልከው 12 እና 13 ይሆንብሃል፣ 96 ካሬ ላይ 2 ሳንቲም ብቻ ብትጨምር ወደ 2 ኪዩብ ነው፣ 7 ኩንታል ሲሚንቶ ማለት ነው። 120ውንም ባንዴ አትግዛ። ለፉቲንጉና ለግንቡ የሚበቃውን አስመጣና ከመሬት ከፍ አድርገህ እንጨት ላይ ደርድረው፣ የወለሉን ሙሌቱ ሲደርስ ትገዛለህ።

ዳቤ ሰፈር፦ ተባረኩ። ግንቡ 80 ሳይሆን 1 ሜትር ነው የሚለው ፎርማኑ፣ ስለዚህ ሊጎድል ሁላ ይችላል ማለት ነው 🙈